በጣሿ እና የስምንት ወሩ ጥቅል

ሰው በሠራው ይጠራል። የሚሰፋው ሰፊ፣ የሚያንጸው ግንበኛ ይባላል። እሷ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የዋለችበት ሥራ መበጠስ ነውና «በጣሿ» አሏት። ክር ትበጥሳለች፣ ገመድ ትበጥሳለች፣ ሸራና የቀበቶ ጥብጣብ ትበጥሳለች። ጠዋት ጋዋኗን ለብሳ ወደ ቤተ ሙከራው ትገባለች፤ ማታ ስትወጣ ሳይበጠስ የሚተርፍ የለም። «ከትዳርሽ በቀር» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። «እሱንም ማሽን ላይ ስላላወጣሁት ነው» ትላቸዋለች፣ ፊቷን ሳትፈታ።

አንድ ጊዜ በስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ ንግግሩን ሊያሳምር «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲል እጇን አውጥታ «የምን ድር ነው? ጥጥ ነው ናይሎን? ውፍረቱስ?» ብላ ጠየቀች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም፤ ከልቧ ነበር የጠየቀችው።

ጥርጣሬ ከእናቷ ማህፀን ይዛው የወጣችው ነገር አይደለም። ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ዓመት የማሽኑ ሚዛን ተዛብቶ፣ አንድ ወር ሙሉ ደካማውን ሸራ ጠንካራ እያለ ሲያስጽፋት ከረመ። ነገሩ ሲደረስበት በሠራተኛው ሁሉ ፊት ተገሠጸች። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ አንድን ነገር ሁለቴ ሳትመዝን አታምንም። ሸሚዝ ስትገዛ ቁልፉን ትጎትታለች፣ ስፌቱን በአውራ ጣቷ ትፈለቅቃለች። ሰፈሯ ያሉ ልብስ ሻጮች ከሩቅ ሲያዩአት ደህናውን ዕቃ ከፊት ያደርጋሉ ይባላል። አብረዋቸው የሚኖሩት አማቷ «ልጄ፣ አንቺ እኮ ጥላሽንም መታወቂያ ትጠይቂዋለሽ» ይሏት ነበር። እሷም መልሳ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ እማማ» ትላለች።

የምትሠራበት ክፍል መስኮት የለውም። በጋ ሆነ ክረምት ሙቀቱና እርጥበቱ አንድ ነው፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው መለኪያ ትንሽ ከፍ ዝቅ ካለ ሥራ ይቆማል። ምክንያቱም ክር ከአየር ውኃ ይጠጣል። ጥጥ ሲርስ ይጠነክራል፣ ናይሎን ሲርስ ይለሰልሳል፤ ስለዚህ ከውጭ የመጣ ናሙና ሁሉ አንድ ሙሉ ቀን እዚያ ክፍል ውስጥ አረፍ ሳይል አይፈተሽም። ማሽኑ መካከል ላይ ቆሟል። ከላይና ከታች ሁለት መንጋጋ አለው። ቁራጩን ጥርቅም አድርጎ ይነክሳል፣ ቀስ ብሎ ይጎትታል፤ በጎን ያለችው ብዕር ጉልበቱን በወረቀት ላይ እየሳለች ትወጣለች፤ ከዚያ «ጧ!» ይልና መስመሩ ይወድቃል። የተበጠሱት ቁርጥራጮች በተራ ቁጥራቸው ፖስታ ውስጥ ገብተው፣ በክር ታስረው፣ መደርደሪያ ላይ አንድ ዓመት ይቀመጣሉ።

ባሏ የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኛ ነው። ምሰሶ ላይ ይወጣል፤ ወገቡ ላይ ያሰረውን ቀበቶ ምሰሶው ላይ አዙሮ ይቆልፍና ተደግፎበት ሁለት እጁን ለሥራ ይለቃል። የዚያ ቀበቶ ጥብጣብ በየወሩ ከፋብሪካው እየመጣ የሚፈተሸው እሷ ዘንድ ነው። እንግዲህ ባል የሚንጠለጠልበትን ሚስት ትበጥሰዋለች ማለት ነው። ለብዙ ዓመት በዚህ ሲሳሳቁ ኖሩ። ሳቁ የቆመው ረጅሙ የወደቀ ዕለት ነው።

ረጅሙ የባሏ የሥራ ጓደኛ ነው። ቁመቱ ነው ስሙን ያወጣለት። አንድ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ምሰሶ ላይ ሳለ ቀበቶው ተበጥሶ ወደቀ። የዳሌ አጥንቱ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ነፍሱ ተረፈች። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ግን የጥፋተኝነት ደብዳቤ ደረሰው፦ ቀበቶው ብቁ መሆኑ በፍተሻ ተረጋግጧል፤ የተበጠሰው አላግባብ ስለተያዘና ስለት ላይ ስለታሸ ነው፤ አደጋው የሠራተኛው ቸልተኝነት ነው። ከደብዳቤው ጋር የፍተሻው ውጤት ግልባጭ ተያይዟል።

ባሏ ያንን ግልባጭ ኪሱ ውስጥ አጥፎ ወደ ቤት ይዞት መጣ። ራት ተበልቶ አማቷ ወደ ክፍላቸው እስኪገቡ ጠብቆ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«ይኼ ያንቺ ፊርማ ነው?»

አየችው። «የኔ ነው።»

«አሥሩንም ራስሽ በጥሰሻል?»

«ራሴ ነኝ የበጠስኩት። ምን ማለትህ ነው?»

«ምንም ማለቴ አይደለም። ረጅሙ ግን አሥራ አምስት ዓመት አብሮኝ ወጥቷል። ቀበቶውን ስለት ላይ የሚያሽ ሰው አይደለም።» ግልባጩን አጠፈው። «ወይ እሱ ዋሽቷል፣ ወይ ወረቀቱ ዋሽቷል።»

ወረቀቱ ማለቱ እሷን ማለቱ መሆኑ ገባት። ያን ሌሊት በአንድ አልጋ ላይ ጀርባና ጀርባ ሆነው አደሩ።

በማግሥቱ በጣሿ የጥብጣቡን መዝገብ ከመደርደሪያው አውርዳ ቁጭ አለች። ቀበቶው ሁለት ሺህ ኪሎ መሸከም አለበት። ያለፉት ሰባት ወራት ውጤቶች ሁሉ ከዚያ በላይ ናቸው፤ ያልፋሉ። ዓይኗን የያዘው ማለፋቸው አይደለም። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ከአሥሩ ቁራጭ አንዱ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ላይ ሲበጠስ፣ ሌላው ሁለት ሺህ አራት መቶ ይደርሳል። ወሩም ከወር ይለያል። የክር ጠባይ ነው፤ አንዱ ጋ ይወፍራል፣ ሌላው ጋ ይሳሳል፣ የሸማኔው ማሽን አንድ ቀን ይጠብቃል ሌላ ቀን ይላላል። ያለፉት ሰባት ወራት ግን ሁሉም ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሠላሳና አርባ ላይ ቁጭ ብለዋል። ሰባት ወር ሙሉ አንድ እናት የወለደቻቸው ይመስላሉ።

«ይኼን ሁሉ ጊዜ እንዴት አላየሁትም?» አለች ለራሷ። መልሱን ታውቀዋለች። ለማለፍና ለመውደቅ ነበር የምታየው፤ የወደቀ ስለሌለ ቀና ብላ አላየችም። እሷ፣ ጥላዋን መታወቂያ የምትጠይቀው።

በመጀመሪያ ማሽኑን ጠረጠረች። የታወቀ ክብደት እያንጠለጠለች አንድ ቀን ሙሉ ፈተሸችው፤ ንጹሕ ነው። ቀጥሎ የክፍሉን እርጥበት ጠረጠረች፤ መለኪያውን በሌላ መለኪያ አስተያየችው፤ ልክ ነው። ማሽኑም አየሩም ነጻ ሲወጡ የቀረው ሰው ነው። ሰው ሲባል ደግሞ አንድ ሰው ፊቷ ላይ ድቅን አለባት፦ ጸጥታ።

ጸጥታ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ከሰው ጋር ብዙ የማያወራ ቴክኒሺያን ነው፤ ስሙንም ያተረፈለት ዝምታው ነው። ናሙና የሚቀበለውና ቆራርጦ የሚያቀርብላት እሱ ነው። ቤተ ሙከራው ከተቀጠረ ዓመት አልሞላውም። ከዚያ በፊት ደግሞ የት ነበር ቢሉ፣ ጥብጣቡን በሚሠራው በዚያው ፋብሪካ ውስጥ። ነገሩ ፀሐይ የሞቀው መሰላት። የመጣውን ደካማ ጥብጣብ ይሸሽጋል፣ በጠንካራ ይለውጣል፣ ቆርጦ ያቀርብላታል። እሷ ጠንካራውን በጥሳ ትፈርማለች። ረጅሙ ደካማውን ታጥቆ ይወጣል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸጥታን በዓይኗ ቂጥ መከታተል ያዘች። ምሳ ሰዓት ሰው ሁሉ ሲወጣ እሱ እንደሚቀር አስተዋለች። የመቁረጫ ክፍሉን በር ይዘጋል። አንድ ቀን ተመልሳ ስታንኳኳ ለመክፈት ዘገየ፤ ሲከፍትም ግንባሩ ላይ ላብ ነበር። «ምሳ አትበላም እንዴ?» አለችው። «በልቻለሁ» አለ። አልበላም፤ ምሳ ዕቃው ሳይከፈት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

የወሩ ናሙና የሚመጣበት ቀን ደረሰ። ናሙና አምጪው የሚሉት የፋብሪካው ሰው እንደ ወትሮው በካኪ ወረቀት የተጠቀለለውን አምስት ሜትር ጥብጣብ በብብቱ ሸጉጦ ገባ። ሰላምታው አያልቅም፤ የሰውን ጤና ጠይቆ፣ የቤተሰብን ጤና ጠይቆ፣ ጎረቤት ጋ ሊደርስ ምንም አይቀረው። ጥብጣቡን ለጸጥታ ሲያስረክብ በጣሿ ከበሩ ኋላ ቆማ ሁለቱን አየቻቸው። ናሙና አምጪው የጸጥታን ትከሻ መታ መታ አደረገው። ጸጥታ ትከሻውን ሰበር አድርጎ ሸሸ። «ለኔ ዓይን ነው ይኼን የሚያደርጉት» አለች በልቧ።

ጸጥታ ደረሰኙን ሊያስፈርም ወደ ቢሮ ሲወጣ፣ መርፌና ሰማያዊ ክር ከኪሷ አውጥታ ከጥብጣቡ ጠርዝ በታች በኩል በየክንዱ አንዳንድ ስፌት ወጋች። በቅርብ ካላዩት አይታይም። በሚቀጥለው ቀን አሥሩ ቁራጭ ሲቀርብላት ገልብጣ አየች። ሰማያዊዋ ክር አለች። የተለወጠ ነገር የለም። በጠሰቻቸው፤ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሠላሳ ስምንት፣ አርባ አንድ፣ ሠላሳ ስድስት፤ እንደ ወትሮው።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ጸጥታን ይቅር ይል ነበር። እሷ ግን «ስፌቱን አይቶብኝ ይሆናል» አለችና አልለቀቀችውም። እንዲያውም የተበጠሱትን ቁርጥራጮች ፖስታ ውስጥ ከትታ፣ እሷ ብቻ የምታውቀውን ቋጠሮ ቋጠረችበት። ከሦስት ቀን በኋላ ስታየው ቋጠሮው ተለውጧል። የቀደሙትንም ወራት ፖስታዎች አየች። ሁሉም በሌላ ሰው እጅ ታስረዋል።

ደሟ ፈላ። በሚቀጥለው ቀን ለምሳ የወጣች መስላ ኮሪደሩን ዞራ ተመለሰች። የመቁረጫ ክፍሉን በር ሳታንኳኳ በረገደችው። ጸጥታ ወለሉ ላይ ተንበርክኳል፤ ዙሪያውን ፖስታዎች ተከፍተው የተበጠሱት ቁርጥራጮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተደርድረዋል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

ብድግ አለ። ቀለሙ ተለወጠ። «እየቆጠርኩ ነበር።»

«ምኑን?»

«የተበጠሱትን። በየወሩ አሥር አሥር መሆናቸውን።»

«አሥር ካልሆኑ ስንት ሊሆኑ ነው?»

«እውነቱን ልንገርዎት? እርስዎ ሳይበጥሱ ቁጥር የሚጽፉ መስሎኝ ነበር።»

በጣሿ በሩን ይዛ ቀረች። ሌላውን ስትጠረጥር ሃያ ዓመት ኖራለች፤ ሰው ይጠረጥረኛል ብላ ግን አንድም ቀን አስባ አታውቅም። በዚያ ወር ብቻ ባሏና ይኼ ሰው ሁለት ሆኑ።

«ለምን እንዲህ መሰለህ?» አለች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ።

«ቁጥሮቹ እጅግ ይመሳሰላሉ። ፋብሪካው ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። እዚያ ካለው ማሽን እንዲህ የተስተካከለ ነገር አይወጣም፤ ቢለምኑትም አይወጣም። ምሳ ሰዓት ፖስታዎቹን እየፈታሁ የተበጠሰው ሁሉ በእውነት የተበጠሰ መሆኑን አያለሁ።»

«ታዲያ አፍ የለህም? ለምን አልነገርከኝም?»

«ከፋብሪካው የመጣሁ ነኝ። ማን ያምነኛል? እርስዎማ ጥብጣቤ ላይ ሰማያዊ ክር ሰፍተውብኝ አገኘሁ።»

ከንፈሯን ነከሰች። ልትቆጣ ፈለገች፤ ሳቋም መጣ፤ ሁለቱም አልወጡም። ጋዋኗን ሰብሰብ አድርጋ ወለሉ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አሥር አሥር ናቸው?»

«ሁሉም አሥር አሥር ናቸው። እርስዎ አላጭበረበሩም።»

«አንተም አልለወጥክም። እንግዲያው ጥብጣቡ ራሱ ነው።»

ቁርጥራጮቹን በወራቸውና በተራ ቁጥራቸው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ረድፍ በረድፍ ዘረጓቸው። ስምንት ረድፍ ሆነ። ማጉያ መነጽር ይዛ ከጠርዙ ጀመረች። ከቆይታ በኋላ በአንደኛው ጠርዝ ላይ ደብዘዝ ያለ ቡናማ ነጥብ አገኘች፤ የዝገት እድፍ ነው። ትንሽ አለፍ ብሎ ሌላ ነጥብ አለ። ቀጥሎም ሌላ። በስምንቱም ረድፍ ላይ፣ በዚያው ጠርዝ ላይ አለ።

ጸጥታ ሜትር አምጥቶ ለካ። በመጀመሪያው ወር ረድፍ በአንዱ ነጥብና በሌላው መካከል አንድ ሜትር ከሃያ አካባቢ ነው። በሁለተኛው ወር ቀነሰ። በሦስተኛው ከዚያም ቀነሰ። በስምንተኛው ወር ስልሳ ሳንቲም እንኳ አይሞላም።

መጀመሪያ የገባው ለጸጥታ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ ጥቅል ሲሸከም የኖረ ሰው ነውና።

«ጥቅል ነው» አለ። «ትልቅ ጥቅል በጎኑ የዛገ ብረት ላይ ቆሞ ነበር። እድፉ ከጎን ገባ። ጥብጣቡን ሲፈቱት በየዙሩ አንድ ነጥብ ይወጣል። ጥቅሉ እየቀጠነ ሲሄድ ዙሩ ያጥራል።»

«እንደ ሽንኩርት» አለች በጣሿ። «በየወሩ አዲስ ከተሸመነው ቢሆን ኖሮ ነጥቡ ወይ ባልነበረ፣ ወይ እንደገና ከሰፊው በጀመረ። ስምንት ወር ሙሉ ከአንድ ጥቅል እየቆረጡ ነው የሚያመጡልን።»

«ደህናውን ጥቅል ለፍተሻ አስቀምጠውታል።»

«ለገበያው ደግሞ ሌላውን።»

ያን ቀን ማታ ባሏን፣ «ቀበቶህን ስጠኝ» አለችው። ከወር በፊት የተሰጠው አዲሱ ቀበቶ ነው። ባሏ ቀበቶውን ከተሰቀለበት አውርዶ እጁ ላይ ያዘው እንጂ አልሰጣትም።

«ምን ልታደርጊው?»

«ልበጥሰው።»

«ነገ በምን እወጣለሁ?»

«ነገ አትወጣም። ታመምኩ በል።»

አማቷ ከክፍላቸው ብቅ ብለው «ስጣት እንጂ ልጄ። ሚስትህ እኮ ሳትጎትት ያመነችው ነገር አንተን ብቻ ነው» አሉት። ባሏ ሳይወድ ፈገግ አለና ሰጣት።

ቀበቶው እንደ ደንቡ አንድ ቀን ክፍሉ ውስጥ አረፈ። ከዚያ ቆርጣ መንጋጋው ላይ አሰረችው። ብዕሯ መውጣት ጀመረች። አንድ ሺህ አንድ መቶ ላይ ስትደርስ «ቸር» የሚል የመሰንጠቅ ድምፅ ተሰማ፤ መስመሩ ወደቀ፤ ከዚያ ትንሽ ተንጠራርቶ እንደገና ወጣና ከፊተኛው ዝቅ ብሎ ጨርሶ ተበጠሰ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ጉብታ ቀረ። አንድ ዓይነት ክር ሁለት ጊዜ አይበጠስም። ጥብጣቡ ውስጥ ሁለት ዓይነት ክር አለ፤ አንደኛው ቀድሞ እጅ ይሰጣል፤ ሸክሙ በቀረው ላይ ይወድቃል።

ከተበጠሰው ጫፍ ክሮች መዘዘች። ብርጭቆ ውስጥ ውኃ ሞልታ ሳሙና ጠብ አደረገችበት፣ ክሮቹን በጣቷ ወደ ታች ደፈቀቻቸው። ግማሾቹ ሰጥመው ቀሩ፤ እነዚያ ናይሎን ናቸው። ግማሾቹ ተመልሰው ተንሳፈፉ። ጸጥታ ጎንበስ ብሎ አየ። «ይኼማ የጆንያ ፕላስቲክ ነው» አለ።

ሁሉን ይዘው ወደ ቤተ ሙከራው አለቃ ቢሮ ወጡ። አለቃ ነገር የማይቸኩልላቸው፣ ጡረታ የተቃረቡ ሰው ናቸው። ወረቀቱን አዩ፣ ብርጭቆውን አዩ፣ ከዚያም እሷን አዩ።

«ይኼ ቀበቶ ከየት መጣ?»

«ከባለቤቴ።»

«ከቤትሽ።»

«አዎ።»

«የወደቀው ሰው የባልሽ ጓደኛ ነው። ወረቀቱን የፈረምሽው አንቺ ነሽ። ቀበቶውን ከቤት ያመጣሽው አንቺ ነሽ። አብሮሽ የቆመው ደግሞ ከፋብሪካው የወጣ ሰው ነው፤ ተጣልቶ ይሁን ተስማምቶ የወጣው አላውቅም።» መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ ልመንሽ፤ ሌላው ለምን ያምንሻል?»

ፊቷ ጋለ። ግን የተናገሩት ሁሉ እሷ በሳቸው ቦታ ብትሆን የምትለው ነበር። ጸጥታ ነው ያን ቀን ከማንም በላይ የተናገረው። «እንግዲያውስ እኛ አንንካው። መጋዘኑ ሄደው ሦስት ሰዎች ሦስት ቀበቶ ያንሱ፤ አሽገው ያምጡ። የፋብሪካውም ሰው ቆሞ ይይ።»

አለቃ ተስማሙ። ደግሞም ሌላ ነገር ጨመሩበት፤ የፍተሻ ክፍሉን ቁልፍ እስከዚያ ቀን ድረስ ከሁለቱም ተቀብለው ኪሳቸው ውስጥ አደረጉት።

የፍተሻው ቀን ናሙና አምጪው መጣ። ሰላምታው ያን ቀን አጭር ነበር። ማኅተሙ ሲቀደድ አየ፣ ቀበቶዎቹ ሲቆረጡ አየ። የመጀመሪያው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ላይ ሲበጠስ «ክፍሉ እርጥበት አለው፤ ናይሎን በእርጥበት ይደክማል» አለ።

በጣሿ ግድግዳው ላይ ያለውን መለኪያ በጣቷ አሳየችው። «በእርጥበት ቢደክም እንኳ በግማሽ አይደክምም። ደግሞም ሁለት ጊዜ አይበጠስም።»

ሁለተኛው ተበጠሰ። ሦስተኛውም ተበጠሰ። ሦስቱም ሁለት ሁለት ጉብታ ጽፈው ወደቁ። አለቃ ራሳቸው ጎንበስ ብለው ክሮቹን ውኃው ውስጥ ከተቱ፤ ተንሳፈፉ። ከዚያ ጸጥታ የስምንቱን ወር ቁርጥራጮች ወለሉ ላይ ዘርግቶ ነጥቦቹን በሜትር እየለካ አሳያቸው። ናሙና አምጪው ነጥቦቹን እየተከተለ እስከ መጨረሻው ረድፍ ሄደ። «እኔ የሰጡኝን ነው የማመጣው» አለና ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ሙከራው ውስጥ አልታየም።

የተሸጡት ቀበቶዎች ከየመጋዘኑ ተሰበሰቡ። ፋብሪካው ክሩን ያቀረበልን ሰው አታለለን አለ፤ ክሩን ያቀረበው ሰው ደግሞ ያዘዙኝን ነው ያቀረብኩት አለ። ደህናውን ጥቅል ለይቶ ለፍተሻ ያስቀመጠው ማን እንደሆነ ግን እስከ መጨረሻው አልታወቀም፤ አንዱ በሌላው እያሳበበ ነገሩ ተድበሰበሰ። በጣሿ ዛሬም ሦስት ሰዎችን ትጠረጥራለች፤ በማንኛቸውም ላይ ማስረጃ አላገኘችም። ከዚያ በኋላ ግን ናሙና በካኪ ወረቀት ተጠቅልሎ መምጣቱ ቀረ፤ ቤተ ሙከራው ራሱ መጋዘን ሄዶ ይቆርጣል። ሁልጊዜ የሚሄዱት እሷና ጸጥታ ናቸው። በመንገድ ላይ አያወሩም፤ እሱ ጠባዩ ነው፤ እሷ ደግሞ ይቅርታ የምትጠይቅበትን ቃል ገና አልቆረጠችም። አንድ ቀን ብቻ ምሳ ዕቃዋን ከፍታ ግማሹን ወደሱ ገፋ አድርጋለታለች። እሱም በላ።

ለረጅሙ የተጻፈው የጥፋተኝነት ደብዳቤ ተሻረ። ሽረቱን የያዘውን ወረቀት ባሏ ነው የወሰደለት፤ እሷም አብራው ሄደች። ረጅሙ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ነበር፤ አልጋው አጥሮበት እግሩ ስር ወንበር ተደርጎለታል። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበውና ለሚስቱ አቀበላት። ደስ ያለው አይመስልም ነበር።

«ምነው?» አለው ባሏ።

«ምን ልበልህ፣ ወንድሜ» አለ ረጅሙ። «ሁለት ወር ሙሉ እዚህ ጋደም ብዬ ሳስብ ነበር። ደብዳቤው ስለት ላይ አሽተኸዋል ሲለኝ፣ አላሸሁትም አልኩ። በኋላ ግን ሌሊት ሌሊት ይኼ ነገር ይመጣብኛል። አሽቼው ይሆን? ያን ቀን ችኩል ነበርኩ። ኋላ ኋላማ ሳሸው ራሴን አየዋለሁ፤ ብረቱ ራሱ ይታየኛል። ራሴን እንደዚህ ስጠረጥር ነው የከረምኩት።»

በጣሿ ስለ ፊርማዋ ልትናገር ነበር የመጣችው። የይቅርታውን ቃል መንገድ ላይ ስታሰናዳ ነበር የመጣችው። ሁሉ ጠፋባት።

ረጅሙ ወደሷ ዞረ። «አንቺ ነሽ ያየሽው አሉኝ። እንዴት ነው የተበጠሰው? እስቲ ንገሪኝ።»

ወንበር ሳበችና አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። ክሮቹ ሁለት ዓይነት እንደነበሩ፣ አንደኛው ቀድሞ እንደተሰነጠቀ፣ ሸክሙ በሌላው ላይ እንደወደቀና እሱም ወዲያው እንደለቀቀ ነገረችው። እጆቿን እንደ ማሽኑ መንጋጋ አድርጋ በአየር ላይ ሳበቻቸው። ረጅሙ ሳያቋርጣት እስከ መጨረሻው ሰማ።

«ስለቱስ?» አለ።

«ስለት የነካው ክር ጫፉ እኩል ይቆረጣል። የአንተን ቀበቶ አስመጥቼ በማጉያ አይቼዋለሁ። ጫፉ ተተርትሯል፤ አንዱ ረዝሟል ሌላው አጥሯል። ተስቦ ነው የተበጠሰው።»

ዓይኑን ጨፈነ። ሚስቱ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ይዛ በሩ ጋ ቆማ ነበር።

«እንደገና ንገሪኝ» አለ ረጅሙ። «ከመጀመሪያው ጀምረሽ።»

በጣሿ እጆቿን እንደገና አነሣችና ከመጀመሪያው ጀመረች።